ሳጥን ውስጥ የከረመ ነጭ

«ነጥብ ለቃሚ» የሚለውን ስም ያወጡለት አባቱ ናቸው። ሥራ የጀመረ ሰሞን «ለመሆኑ እዚያ ቢሮ ተጎልተህ የምትውለው ምን ስትሠራ ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ስልኩን አውጥቶ የሟች እናቱን ፎቶ ከፈተና በሁለት ጣቱ ይለጥጠው ጀመር። መጀመሪያ ፊቷ ጉንጭ ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎ ጉንጯ ጥቂት ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ብቻ ሆነ። «ይኸውልዎት አባባ፤ ፎቶ ማለት ነጥብ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። እያንዳንዷ ነጥብ ፒክስል ትባላለች። ሦስት ቁጥር አላት፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። እኔ እነዚህን ቁጥሮች የሚያነብና የሚቀይር ፕሮግራም እጽፋለሁ» አላቸው። አባቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩ። ሚስታቸው ወደ አራት ማዕዘንነት መለወጧ ሳያስከፋቸው አልቀረም። «እንግዲያው እንደ ምስር ነጥብ ስትለቅም ነው የምትውለው በለኛ!» አሉ። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈር ገባ፤ ከሰፈርም ቢሮ ድረስ ተከተለው።

አባቱም ቢሆኑ የቀለም ሰው ናቸው፤ የባልዲና የብሩሽ ቀለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያሳምሩ ኖረው የገዛ ቤታቸው ግድግዳ ተላልጦ የቀረ፣ ጥፍራቸው ሥር ሁልጊዜ የአንዱ ሀብታም ሳሎን የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ደረታቸው በቀለም ሽታ ተበልቶ ሥራውን ከተዉ በኋላ እንኳ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የሚያዩት ግድግዳውን ነው። ከልጃቸው ጋር የሚያጨቃጭቃቸውም ይኸው ቀለም ነበር።

«ቀይና አረንጓዴ ሲደመሩ ቢጫ ይሆናሉ» ይላል ልጅ።

«ሂድ ወዲያ! እኔ ቀይና አረንጓዴ ደባልቄ አውቃለሁ። የሚወጣው ጭቃ ነው። የቤቱ ጌታ ከነባልዲዬ ነው ያባረረኝ።»

«የእርስዎ ቀለም ነዋ አባባ፣ የኔ ብርሃን ነው። ብርሃን ላይ ሦስቱም እኩል ሲሆኑ ነጭ ይመጣል። ሰማያዊው ሲጎድል ደግሞ ቢጫ ይሆናል።»

«እንግዲያው በብርሃንህ ይህን ግድግዳ ቀባልኛ፤ ስንት ዓመቱ ነው ተልጦ!»

ታናሽ እህቱ በሁለቱ መሀል ተቀምጣ ትስቃለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት የሚሰማው ሳቅ ከሞላ ጎደል ይኸው ብቻ ነበር። ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ሦስቱም ያውቃሉ፤ ግን አንዱም እጅ አይሰጥም። እንዲህ ዓይነት ጭቅጭቅ ያለበት ቤት የታደለ ቤት ነው፤ ይህን ያኔ ማንም አላሰበውም።

ነጥብ ለቃሚ የሚሠራበት ቢሮ ከጫማ መደብር በላይ ያለች፣ ማራገቢያው ከንፋሱ ይልቅ ጩኸቱ የሚበዛ ክፍል ናት። መጀመሪያ የሠራው ለታችኛው መደብር ነበር፤ በፎቶ የተነሱ ጫማዎችን ከጀርባቸው ያለውን ግድግዳ እያጠፋ፣ ቡናማውን ቡናማ፣ ጥቁሩን ጥቁር ማድረግ። ሰው ጫማውን ገዝቶ «ፎቶው ላይ ያየሁት ቀለም ይህ አይደለም» ብሎ ሲመልስ የሚወቀሰው እሱ ነው። ካሜራ እንዴት እንደሚዋሽ የተማረው በዚህ መንገድ ነበር። በአምፖል ሥር የተነሳ ነጭ ጫማ ፎቶው ላይ ቢጫ ነው፣ በጥላ ውስጥ የተነሳው ደግሞ ሰማያዊ። የሰው ዓይን ይህን ሳናዝዘው ራሱ ያርመዋል፤ ወረቀቱ ነጭ መሆኑን ስለሚያውቅ ነጭ አድርጎ ያየዋል። ካሜራ ግን የመጣለትን ብርሃን እንዳለ መዝግቦ ዝም ነው።

አንድ ቀን አለቃው ከጤና ጣቢያዎች ሥራ ይዞ መጣ። አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ብዙዎቹ ጥቂት ቢጫ ይሆናሉ፤ ሰው የወፍ በሽታ የሚለው ነው። አብዛኛው በራሱ ይለቃል። ሲብስ ግን ቢጫው ነገር ከደም ወደ አንጎል ይገባና ሕፃኑን ይገድለዋል፣ ወይም አካለ ስንኩል አድርጎ ይተወዋል። የደም ምርመራ በየመንደሩ የለም። ስለዚህ ነርሷ የሕፃኑን ደረት በስልክ ፎቶ አንስታ፣ ፕሮግራሙ የቆዳውን ነጥቦች አንብቦ፣ አረንጓዴ ምልክት ካወጣ ሕፃኑ ቤቱ እንዲቆይ፣ ቀይ ካወጣ ወዲያው ሐኪም ቤት እንዲሄድ ነው የተፈለገው።

ሥራውን ወደደው። ጫማ አይደለም፣ ሰው ነው። ከአንዲት ነርስ ጋር፣ ሁሉም «ሲስተር» ብቻ ከሚሏት፣ ወገቧን ይዛ ከምትሄድ ጠና ያለች ሴት ጋር፣ ብዙ ወራት ደከመበት። መፍትሔው አንዲት ነጭ ካርድ ነበረች። ካርዷ ሕፃኑ ደረት ላይ ትቀመጣለች። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የካርዷን ነጥቦች ያያል። ነጭ ከሆነች ሦስቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። በአምፖሉ ምክንያት ሰማያዊው ጎድሎ ካገኘው እኩል እስኪሆን ድረስ ያሳድገዋል። ከዚያ ያንኑ ጭማሪ ለሕፃኑ ቆዳ ነጥቦች ሁሉ ይሰጣቸዋል። ያኔ የአምፖሉ ቢጫ ይወጣና የሕፃኑ ቢጫ ብቻ ይቀራል። ካርዷ በልዩ ወረቀት የታተመች ናት፤ ከእያንዳንዱ ስልክ ጋር በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልላ ትሰጣለች።

ነርሶችን ሲያሠለጥን በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። «እባካችሁ፣ ካርዱ ቢጠፋባችሁ ሌላ ወረቀት እንዳትጠቀሙ። ፕሮግራሙ ሞኝ ነው። ነጭ ነው ብላችሁ የሰጣችሁትን ሁሉ ነጭ ነው ብሎ ያምናል» ይላቸዋል። ሲስተር ከኋላ ሆና «እንደ ባሌ በለኛ!» ትላለች፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እሱ ግን አይስቅም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይነግራቸዋል።

እህቱ የወለደችው ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ በዓመቱ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበረና መንገድ ላይ ስለሚከርም፣ ልትወልድ አባቷ ቤት መጣች። ሴት ልጅ ተወለደች። አባትየው ክንፍ አወጡ። ደረታቸው እያፏጨ የተላጠውን ግድግዳ በአንድ ጎን ፈቅፍቀው ቀቡት፤ ለሌላው ጎን ትንፋሽ አጠራቸውና ተዉት። «ግማሹን ስታድግ ትጨርሰዋለች» አሉ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት ነጥብ ለቃሚ ብቻውን ከሚኖርበት ኪራይ ቤት የእህቱን ልጅ ሊያይ መጣ። እህቱ ሕፃኗን ልታሳየው ወደ መስኮቱ አቅርባ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። ቢጫ ናት። ዓይኗ ነጩ ሳይቀር ቢጫ ነው። በዓይኑ አየ፣ አወቀም። ይህ ሊዘለል የማይገባው ነገር ነው፤ መጀመሪያ በዓይኑ አይቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ቢጫ አልሆነችብህም?» አለች እህቱ። ታናሹ ስለሆነች ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጋሼ ነው የምትለው። «ከትናንት ወዲያ እንዲህ አልነበረችም። ሐኪም ቤት ልውሰዳት እያልኩ ነው።» ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማለች፤ ጫማዋንም አድርጋለች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እንለካታ! ለዚህ አይደለም እንዴ የተሠራው?» አለ። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረ፤ ይህንንም መደበቅ አይቻልም። ስልኩን አወጣ። ቦርሳውን ከፈተ። ካርዱ የለም። ዓርብ ዕለት የሲስተር ካርድ ውኃ ገብቶበት የራሱን እንደሰጣት ትዝ አለው።

«ምን ጠፋብህ?» አሉ አባቱ።

«ነጭ ነገር። ያለ ነጭ አይለካም።»

«ነጭ?» አባትየው ከወንበራቸው ተነሡ። «ነጭ ነው የቸገረህ? እኔ ቤት ቁጭ ብለህ በነጭ ትቸገራለህ?» ጎንበስ ብለው ከአልጋቸው ሥር የመሣሪያ ሳጥናቸውን ጎተቱ። ከብሩሾቹ ሥር በሲባጎ የታሰሩ፣ መዳፍ የሚያህሉ ስስ ጣውላዎች አሉ፤ ለደንበኛ ለማሳየት በገዛ እጃቸው የቀቧቸው ናሙናዎች። አንዷን መዘዙ፣ በእጅጌያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጓትና በሁለት እጃቸው ሰጡት። «በል፣ ከዚህ የበለጠ ነጭ የትም አታገኝም። በመጨረሻ ያንተም ብርሃን ወደኔ ቀለም መጣ አይደል?» አሉ። ፊታቸው በደስታ በርቶ ነበር። በዚያው ደጅ የሚጠራቸው ጎረቤት መጣና እየሳቁ ወጡ።

ነጥብ ለቃሚ ጣውላዋን ይዞ ቆመ። እህቱ ሕፃኗን ብርድ እንዳይመታት መጋረጃውን መልሳ ዘግታዋለች፤ ክፍሉ በአምፖል ነው የሚታየው። በአምፖሉ ሥር ጣውላዋ ነጭ ናት። «ሌላ እንዳትጠቀሙ» የሚለው የገዛ ቃሉ መጣበት። ግን ያ ለነርሶች ነው፣ እነሱ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ነጭ ይላሉ፤ ይህችን የሰጠው ደግሞ ነጭን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። ደግሞም የአባቱ ፊት አለ። «ይህ አይሆንም» ቢል ያ ፊት ይጠፋል። ጣውላዋን ሕፃኗ ደረት ላይ አስቀምጦ ፎቶውን አነሳ።

አረንጓዴ ወጣ።

«ምን አለ ጋሼ?»

«ደህና ናት። ትንሽ ቢጫ አለ፣ ሁሉም ሕፃን ላይ ያለ ነው። የመጋረጃው ቀለም ይሆናል ቢጫ ያስመሰላት።»

«እና ሐኪም ቤቱ ይቅር?»

«ምን ያደርግልሻል? ስትንገላቺ ልትውዪ ካልሆነ። ይልቅ ቶሎ ቶሎ አጥቢያት።»

እህቱ በረጅሙ ተነፈሰች። ሻርፗን ፈትታ ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። እሱም ደስ ብሎት ለሁሉም ሻይ አፈላ።

ሰኞ ከቢሮ ሲደውል «ተኝታለች፣ ስትተኛ ነው የምትውለው። እንዲህ ዓይነት ጨዋ ልጅ!» አለችው። እንዲያም ሆኖ ነገሩ ከንክኖት ከሥራ ሲወጣ መጥቶ በዚያችው ጣውላ ደግሞ ለካት። እንደገና አረንጓዴ ሆነ። ቁጥሩ ከትናንቱ ጋር መቀራረቡ ልቡን አሳረፈው፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ የሰጠ ነገር ልክ መስሎ ታየው። ማክሰኞ ጧት ሕፃኗ ጡት አልይዝ አለች። ለቅሶዋ ቀጭንና ስል ሆነ። ጀርባዋ ወደ ኋላ ተለመጠ፤ እህቱ ብታቅፋት አልታቀፍ አለቻት።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ዶክተሩ የሕፃኗን ዓይን ገለጥ አድርጎ አየና «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለ።

«አይተናት ነበር» አለች እህቱ። «ወንድሜ በማሽን አይቷት ነበር።» ዶክተሩ የምትለውን አልሰማትም፤ ነርሶቹን እየጠራ ነበር። ሕፃኗን ልብሷን አውልቀው፣ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነው፣ ሰማያዊ ብርሃን ሥር አስተኟት። ቢጫውን የሚያፈርሰው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ደሟም ይቀየር ተባለ።

ነጥብ ለቃሚ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የእሑዱን ፎቶ ከፈተ። ጣውላዋን አጎላ። ቀዩና አረንጓዴው ቁጥር ጎን ለጎን ናቸው፤ ሰማያዊው ግን ወደ ኋላ ቀርቷል፣ አምፖሉ ከሚያጎድለው በላይ ቀርቷል። ያኔ ፎቶው ጥግ ላይ ሌላ ነጭ ነገር አየ፤ የሕፃኗ ሽንት ጨርቅ ነው፣ ከካርቶኑ ገና የወጣ። እሑድም ሰኞም እዚያው ነበር። የጨርቁን ነጥቦች እንደ ነጭ ይዞ ፕሮግራሙን ደግሞ አስኬደው።

ቀይ። ተጠራጥሮ ደገመው፤ ያው ቀይ ነው።

ጣውላዋ ነጭ አልነበረችም። ፕሮግራሙ በአባቱ ሳጥን ውስጥ የበጨውን ቀለም ነጭ ነው ብሎ አምኖ፣ ጣውላዋ ላይ የጎደለውን ሰማያዊ ሁሉ ለሕፃኗም ጨመረላት። ከጣውላዋ ላይ ቢጫውን ሲያጥብ ከሕፃኗም ላይ አጠበው። እህቱ ወዲያ ማዶ በመስታወቱ በኩል ልጇን ታያለች። ተነስቶ ሊነግራት ፈለገ፤ ግን ፎቶውን ዘግቶ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሲመሽ ለእህቱ ልብስ ሊወስድ አባቱ ቤት ሲሄድ እሳቸውን መስኮቱ ሥር አገኛቸው። ጣውላዋን አዲስ ከቀቡት ግድግዳ ጎን ደግነው ይዘዋል። የመጨረሻው የቀን ብርሃን አርፎባታል፤ ከግድግዳው ጎን ስትታይ ቅቤ መስላለች።

«የዘይት ቀለም እኮ ነው» አሉ ዞር ሳይሉ። «ጨለማ ውስጥ ሲከርም ይበጫል። ደንበኛ ሁሉ ሲጨቀጭቀኝ ስነግረው የኖርኩት ነገር ነው። እኔ ለዓይን ብቻ የፈለግኸው መስሎኝ...» ቃሉን ሳይጨርሱ ዞሩ። «በዚህች ነው እንዴ የለካሃት?»

እውነቱ አፉ ውስጥ ነበር። ግን የአባቱን እጅ አየ፤ የሕፃኗ ግድግዳ ቀለም ጥፍራቸው ሥር ገና አለ። ይህንን ይዘው አያድሩም።

«አይደለም አባባ። እርስዎ ከወጡ በኋላ ካርዱ ቦርሳዬ ጥግ ውስጥ ተገኘ። በሱ ነው የለካኋት።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ተመስገን!» አሉ አባትየው፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለውም እንደ ልጅ አለቀሱ። መዋሸቱ ደግ ሥራ ነው የሚል ይኖራል። እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው፣ ያን ቀን አንዱን ለማትረፍ ብሎ የዘጋውን አፍ ለሌላዋም መክፈት እንዳቃተው ነው። ለእህቱ ቢነግራት አባታቸው ጆሮ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

ሕፃኗ አልሞተችም። ሰውነቷም ዳነ፤ ቆማ ሄደች፣ እንደ እኩዮቿ ሮጠች። ግን ከኋላዋ በር ቢዘጋ አትደነግጥም፤ ስሟን ቢጠሩት አትዞርም። ሐኪሞቹ መረመሩና ጆሮዋ ድምፁን ቢቀበልም ወደ አንጎል የሚያደርሰው መስመር በዚያ ቢጫ ነገር ተበላሽቷል አሉ፤ የማይድን ነው። እህቱ አለቀሰች፣ ኋላም እንባዋን ጠርጋ የምልክት ቋንቋ ልትማር ገባች። ጎረቤት መጥቶ «ቶሎ ሐኪም ቤት ብትወስጃት ኖሮ» ሲላት ትቆጣለች። «እንዴ! ወንድሜ እኮ በማሽን ሳይቀር አይቷታል። ማሽን ያላየውን እኔ ከየት አየዋለሁ? የመጣብን ነገር ነው» ትላለች። እሱ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። እንዲህ እያለች ስትከላከልለት ከመሬት በታች ቢገባ ይመርጥ ነበር።

ቢሮ ተመልሶ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ከአሁን በኋላ የተሰጠው ካርድ ሰማያዊ ቁጥሩ አምፖል ከሚያጎድለው በላይ ጎድሎ ከተገኘ አይለካም፤ «ይህ ነጭ አይደለም። ሌላ ካርድ ይጠቀሙ» ብሎ ይቆማል። አለቃው በሰው ሁሉ ፊት አጨበጨበለት። «ይህን እንዴት አሰብከው?» ቢለው «እንዲሁ መጣልኝ» አለ። ሲስተርም ስልክ እየደወለች «ዛሬም አንዱን አተረፍክ፣ እጅህ ይባረክ» ትለዋለች። ምርቃቱ በመጣ ቁጥር ምሳውን ሳይበላ ይውላል። ፊቱ ጠወለገ። ሚስት አላገባም፤ ለምን ሲሉት በቀልድ ያልፈዋል።

ከሁሉ የከፋው ልጅቷ እሱን መውደዷ ነበር። ሲመጣ ሮጣ ጭኑ ላይ ትወጣና ኮምፒውተሩን በጣቷ ትመታዋለች፤ ክፈተው ማለቷ ነው። የእሷን ፎቶ እያጎላ ነጥቦቹን ያሳያታል። ቀሚሷ ቀይ ነጥብ፣ ፀጉሯ ጥቁር ነጥብ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነጥብ ሲሆን በሳቅ ትፈርሳለች። የእያንዳንዱን ቀለም ምልክት በእጁ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ሲሳሳት ጣቶቹን ይዛ ታስተካክልለታለች። ከቀለም ስም በላይ ግን ሊማር አልወደደም። «ጋሼ፣ ልጄን ልታነጋግራት አትፈልግም እንዴ?» ስትለው እህቱ፣ ጊዜ የለኝም ይላል። ጊዜስ ነበረው። ማነጋገር ከቻለ ሊነግራት የሚገባው ነገር አንድ ብቻ ስለሆነ ፈርቶ ነው።

ልጅቷ ትምህርት ቤት በገባች በዓመቱ አባታቸው ሞቱ። ያ ቀለም የበላው ደረት አላስተነፍስ ብሏቸው፣ የግድግዳውን ግማሽ ሳይጨርሱ ሄዱ። ከቀብር በኋላ ነጥብ ለቃሚ ዕቃቸውን ሊያስተካክል ሳጥኑን ከአልጋው ሥር አወጣ። ብሩሾቹ ደርቀዋል። ናሙናዎቹ እንደ ድሮው በሲባጎ ታስረው አንድ ላይ አሉ። አንዷ ግን ለብቻዋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ሳጥኑ ወለል ላይ ከሁሉም በታች ተቀምጣለች። ጨርቁን ሲፈታ ያቺው ናት። አባቱ አላመኑትም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን እየበሉ፣ እየተጫወቱ፣ እሱ ለሳቸው ብሎ ደብቆ፣ እሳቸውም ለሱ ብለው ያመኑ መስለው ኖረዋል። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጣውላዋን ፊቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ጣውላዋን ይዞ እህቱ ቤት ሄደ። ቀን ነው፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እህቱ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች፤ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ሥዕል ትሥላለች። እሱ ሳይቀመጥ ነገራት። ካርዱን ለሲስተር እንደሰጠ፣ አባታቸው ጣውላዋን እንደሰጡት፣ ሌላ መጠቀም እንደማይገባ እያወቀ እንደተጠቀመ፣ ኮሪደሩ ላይ ያየውን፣ ለአባቱ የዋሸውን፣ ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ነገራት። እህቱ ማጠፏን አላቆመችም። የልጇን ሹራብ አጠፈች፣ ፈታችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«አባባም ያውቁ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ያውቁ ነበር። ዛሬ ነው የገባኝ።»

«ሁለታችሁም ታውቁ ነበር።» ሹራቡን አስቀመጠችው። «ሻርፔን አድርጌ ነበር እኮ። ጫማዬን አድርጌ ነበር። ልወጣ ነበር።»

«እህቴ፣ ይቅር...»

«ዝም በል!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ አልሰማችም፤ ሥዕሏን ቀጠለች። እህቱ ወደ ልጇ ስታይ ቆየችና ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሷ ንገራት።»

ጋሼ አላለችውም። ከዚያ ቀን ወዲህም ብላው አታውቅም።

ጠረጴዛው አጠገብ ሄዶ ተንበረከከ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ ፈገግ ብላም ወንበሯን ጠጋ አደረገችለት። አፉን ከፈተ። ይቅርታ በእጅ እንዴት እንደሚባል አያውቅም። ጥፋት እንዴት እንደሚባል፣ እኔ ነኝ እንዴት እንደሚባል አያውቅም። የሚያውቀው እሷ ያስተማረችውን የቀለም ስም ብቻ ነው። ጣውላዋን አውጥቶ ከፊቷ ባለው የሥዕል ወረቀት ላይ አስቀመጠና ጣቱን አሳረፈባት። ከዚያ ያን ዕለት ያመነውን በእጁ አሳያት። ነጭ።

ልጅቷ ጣውላዋን አየች። ከሥሯ ያለውን ወረቀት አየች። ተሳሳተ ብላ ሳቀችና ራሷን ነቀነቀች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው የአጎቷን እጅ ይዛ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈችና እየዘረጋች አስተካከለችለት። ቢጫ። እንዲደግመው እጁን ለቀቀችና ጠበቀችው። እሱም ደገመው።